ጀርባውን አሳዩኝ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ አንጥረኛ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ከመጡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በበርሚንግሃም የጌጣጌጥ ሰፈር ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሠርተዋል። ሰፈሩ ለእንግሊዝ ጦር የቆብ ባጅና የደንብ ልብስ ቁልፍ ሲያመርት የኖረ ነው። ጋሼም ከዚያ ሥራ ቤት ይዘውት የወጡት ትልቁ ነገር የወታደር ባጅ ፍቅር ነው። መሳቢያቸው ሙሉ ነው።

እኔ ለንደን ውስጥ ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመትረየስ ኮር ውስጥ ተዋግተዋል። የአባታቸው የቆብ ባጅ ቤት ሲቀይሩ ጠፋባቸው፤ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ይፈልገው ነበር። ስለዚህ በኢንተርኔት ጨረታ ተጫርቼ አንድ ገዛሁ። ዓርብ ደረሰኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያን ቀን የተነጋገርነውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጋሼ፦ ቁጭ በይ፤ መጀመሪያ ቡናሽን ጠጪ። ዕቃው የትም አይሄድም።

እኔ፦ ቡናው ይደርሳል ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ። እንቅልፌን አጥቼ ነው የተጫረትኩት። ጨረታው የሚዘጋው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሰው እየጨመረ እየጨመረ 48 ፓውንድ አደረሰብኝ።

ጋሼ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በይ ስጪኝ። በፊቱ አይደለም፣ ገልብጠሽ ስጪኝ።

እኔ፦ ፊቱን አያዩትም?

ጋሼ፦ ፊቱንማ የሠራው ሰው አይቶልኛል። አስመሳይ ሰው ድካሙን ሁሉ የሚያፈስሰው ፊቱ ላይ ነው፤ ገዢ የሚያየው እሱን ነውና። ጀርባውን ግን ማን ያየዋል ብሎ ይተወዋል። እኔ ባጅ ሳይ ከጀርባው እጀምራለሁ። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ ለጥፎልሽ ነበር?

እኔ፦ የለጠፈው ሁለት ፎቶ ነበር፤ ሁለቱም የፊቱ ናቸው። አንደኛውን ትንሽ ጨለማ ቦታ ላይ ነው ያነሳው።

ጋሼ፦ እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብሽ እሱን ነው። አጭር መልእክት ጽፈሽ፣ ‘የጀርባውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተው ይላኩልኝ’ ማለት። ዕቃው ትክክለኛ የሆነ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይልክልሻል። የማይልክ፣ ‘ካሜራዬ ተበላሽቷል’ የሚል፣ ‘እንዳለ ነው የምሸጠው’ የሚል ሰው መልሱን ሰጥቶሻል ማለት ነው። አሁን መብራቱን ወደዚህ አቅርቢልኝ። ማጉያዋን ያዢ። ምን ይታይሻል?

እኔ፦ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ትንሽ ሸካራ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው… የጤፍ እንጀራ ዓይን የመሰለ ነገር፣ በጣም በጣም ትንንሽ።

ጋሼ፦ በቃ፣ ይሄ ዕቃ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። አሁን ይቺን የኔን ያዣት። እሷም የመትረየስ ኮር ናት፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ከአንድ ወታደር የልጅ ልጅ እጅ ነው የገዛኋት። ጀርባዋን እዪው።

እኔ፦ ይሄማ የፊቱ ግልባጭ ነው። መትረየሶቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ዘውዱም ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ይታያል። ለስላሳ ነው።

ጋሼ፦ አዎ። ይቺ የተመታች ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ስስ የናስ ጠፍጣፋ ወስደው ሥዕሉ በተቀረጸበት ጠንካራ የብረት ማተሚያ ላይ ያኖሩትና ከላይ በትልቅ ክብደት ይመቱታል። ብረቱ ሳይቀልጥ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ተገፍቶ ማተሚያው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፊቱ ላይ የወጣው ሁሉ ጀርባው ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ በመትረየሶቹ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ በሌላ መቁረጫ በአንድ ምት ይበሱታል። በዚያ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ በማጉያ ብታዪ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ የመቁረጫው አሻራ ናቸው። ያንቺ ላይ እነሱን ፈልጊ።

እኔ፦ የሉም። የቀዳዳው ጠርዝ የቀለጠ ቅቤ ይመስል ክብ ክብ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በሞረድ የተፋቀ ይመስላል።

ጋሼ፦ በሞረድ ነው የተፋቀው። ብረት ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ በሁለቱ ግማሾች መገጣጠሚያ ሾልኮ ስስ ክንፍ ያወጣል፤ ያን ለማጥፋት ነው የሞረዱት። እኔ ፒያሳ ሳለሁ የጆሮ ጌጥ ስናፈስ በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ነው። እጄ ያውቀዋል። ማፍሰስ በራሱ ነውር የለበትም ልጄ፤ ስንት ቆንጆ መስቀል የወጣው በማፍሰስ ነው። ነውሩ ተመትቶ መሠራት የነበረበትን ዕቃ አፍስሰሽ፣ የ1916 ነው ብለሽ ስትሸጪ ነው።

እኔ፦ በኪሎስ አይለይም?

ጋሼ፦ ይረዳል። የፈሰሰ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና ከባድ ነው። ከክብደቱ ይልቅ እኔ የማምነው መጠኑን ነው። አስመሳዩ የሚያደርገው እውነተኛ ባጅ ገዝቶ፣ ከእሱ ቅርጽ ወስዶ፣ በዚያ ላይ ማፍሰስ ነው። የቀለጠ ብረት ደግሞ ሲበርድ ይሰበሰባል። ስለዚህ ልጁ ከእናቱ ሁልጊዜ በጥቂቱ ያንሳል። ይኸው መለኪያው፤ የኔን ለኪ፣ ያንቺን ለኪ።

(ለካሁ። የኔው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ጠበበ። ጋሼ ምንም አላሉም። ባጁን ገልብጠው ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት።)

ጋሼ፦ እዚህ ጋ፣ ከዘውዱ ጫፍ በስተግራ፣ ሦስተኛዋ ዕንቁ ላይ ስንጥቅ የመሰለች ጭረት አለች። ታየችሽ?

እኔ፦ አዎ። ያረጀ ስለሆነ የመጣ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ወታደር የሆነ ቦታ የመታው መስሎኝ።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ፣ አንድ ወታደር የሆነ ቦታ መትቶታል። ግን ይሄን ሳይሆን እናቱን። ስልክሽን አውጪ። እዚያው ጨረታ ላይ ‘የመትረየስ ኮር ባጅ’ ብለሽ ፈልጊና አሁን ለሽያጭ ያሉትን አንድ በአንድ ፎቶውን አስፊልኝ።

(አሥራ አንድ ነበሩ። አራተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። ሌላ ሻጭ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ታሪክ፤ በዘውዱ ግራ ሦስተኛዋ ዕንቁ ላይ ያቺው ጭረት። ዘጠነኛውም ላይ አለች።)

እኔ፦ ጋሼ… ያው ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው።

ጋሼ፦ ሁለት ሰው በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ጠባሳ ሊኖረው ይችላል እንበል፣ ሦስት ሰው ግን አይኖረውም። አደጋ ሁለቴ በአንድ ልክ አይደርስም። ተመትቶ በወጣ ባጅ ላይ ማተሚያው ራሱ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ በሁሉም ላይ ሊታይ ይችላል፤ እሱ ግን ከብረቱ ከፍ ብሎ የወጣ ቀጭን መስመር ነው የሚሆነው። ይሄ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ከተለበሰ በኋላ የደረሰ ጉዳት ነው። ጉዳት ሲባዛ ካየሽ ፋብሪካው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግሽም።

እኔ፦ ሻጩ እኮ ጥሩ አስተያየት ነው የተሰጠው። መቶ በመቶ ተብሎ።

ጋሼ፦ አስተያየቱን የሰጡት እንዳንቺው የገዙ ናቸው። ቶሎ ላከልኝ፣ በደንብ ጠቅልሎታል ብለው ነው ያመሰገኑት። ስለ ማሸጊያው እውነታቸውን ነው፤ ስለ ባጁ ግን ምን ያውቃሉ? አንቺ ከአስተያየቱ ይልቅ የሸጣቸውን ዕቃዎች ዝርዝር እዪ። በወር ውስጥ አንዱን ብርቅ ባጅ አምስት ጊዜ የሸጠ ሰው፣ ሁልጊዜ ‘ከአያቴ መሳቢያ ያገኘሁት’ የሚል ሰው፣ ስንት አያት ነው ያለው?

እኔ፦ የኔውም እንደዚያው ነበር ያለው። ‘ስለ ባጅ የማውቀው ነገር የለም፣ የአያቴ ነው’ ብሎ።

ጋሼ፦ ያ ቃል ብቻውን ሰውን ሌባ አያደርገውም፤ በእውነት የአያቱን የሚሸጥ አለ። አንቺ ግን ታሪኩን አትግዢ። ታሪኩ ከባጁ ጋር በፖስታ አይመጣም። ወረቀት አለው? የወታደሩ ስምና ቁጥር፣ ደብዳቤ፣ ስሙ ጠርዙ ላይ የተቀረጸበት ሜዳይ? እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦርነትና የድል ሜዳዮች ጠርዝ ላይ የባለቤቱን ቁጥርና ስም ያትሙ ነበር። የቆብ ባጅ ላይ ግን ስም የለም። ለዚህ ነው ባጅ ለአስመሳይ የሚመቸው፤ ማንም የማንም ነው ሊለው ይችላል።

እኔ፦ ለምን የመትረየስ ኮርን መረጡ? ስንትና ስንት ክፍለ ጦር እያለ።

ጋሼ፦ ተፈላጊ ስለሆነ ነዋ። ኮሩ የተቋቋመው በጥቅምት 1915 ነው፣ የፈረሰው በ1922። ሰባት ዓመት ብቻ። በእነዚያ ዓመታት 170,500 ያህል መኮንንና ወታደር አለፈበት፤ ከ62,000 በላዩ ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ፤ ከዚያ ውስጥ የሞቱት 12,498 ናቸው። ጓደኞቻቸው ራሳቸው ‘የራስ ማጥፊያ ክበብ’ ይሏቸው ነበር፣ የጠላት መድፍ መጀመሪያ የሚፈልገው መትረየሱን ነበርና። ለንደን ሃይድ ፓርክ ጥግ ላይ ሐውልታቸውን አይተሻል?

እኔ፦ ራቁቱን የቆመው ዳዊት? በአውቶቡስ ስንት ቀን አልፌዋለሁ። የእነሱ መሆኑን አላወቅኩም።

ጋሼ፦ የእነሱ ነው። በ1925 ነው የቆመው። በግራና በቀኙ የተቀመጡት ሁለቱ መትረየሶች፣ በነሐስ የአበባ ጉንጉን ተከበው፣ እነሱን ልብ ብለሽ እዪያቸው። ባጁም ላይ ያሉት እነሱው ናቸው፤ ሁለት የቪከርስ መትረየሶች በመስቀል ቅርጽ ተጣምረው፣ ከላይ ዘውድ። ሥዕሉ ቀላል ነው፣ ጽሑፍ የለበትም፣ ለመቅዳት አያስቸግርም። ተፈላጊና ቀላል ነገር ሲገናኝ አስመሳይ ይሰለፍበታል። የባሰም አለ። በ1940 ግብጽ ውስጥ የተቋቋመ የእንግሊዝ የረጅም ርቀት የበረሃ ጓድ ነበር፣ ባጁ ላይ ጊንጥ ያለበት። ያ ጓድ ከ350 ሰው በልጦ አያውቅም። አሁን ጨረታውን ብትከፍቺ የጊንጡን ባጅ ሁልጊዜ ታገኛለሽ። በረሃ ውስጥ የጠፋውን፣ ከባለቤቱ ጋር የተቀበረውን፣ ቤተሰብ ይዞ ያስቀመጠውን ቀንሺና ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው።

እኔ፦ ዘውዱስ? ዘውድ እያዩ ዘመኑን ይለያሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ይለያል። ከ1901 እስከ 1952 ነገሥታት በነገሡበት ዘመን የነበረው ዘውድ ቅስቱ ወደ ላይ እንደ ጉልላት ያበጠ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትነግሥ የመጣው መሐሉ ላይ ሰርጎድ ያለ ነው። የመትረየስ ኮር ባጅ ላይ የተሰረጎደ ዘውድ ካየሽ ዕቃውን መንካትም አያስፈልግሽ፤ ኮሩ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣ ዘውድ ነው። ዛሬ ግን አዲስ ነገር መጥቷል። ከ2022 ጀምሮ ንጉሥ ቻርልስ ያበጠውን ዘውድ መልሰውታል፤ ዛሬ አዲስ የሚታተሙት ባጆች ዘውዳቸው የድሮውን ይመስላል። ስለዚህ ያበጠ ዘውድ ያለው ሁሉ አሮጌ ነው የሚለው ደንብ ካሁን በኋላ አይሠራም። ምላሷንም እዪ።

እኔ፦ ምላስ የትኛዋ ናት?

ጋሼ፦ ጀርባው ላይ የተበየደችው ጠፍጣፋ ዘንግ። ቆቡ ላይ ባለው ስንጥቅ ታልፍና ባጁን ትይዘዋለች። የኔዋ ጫፍ አጠገብ ትንሽ እጥፋት አላት፣ ተንሸራትታ እንዳትወጣ። ያንቺዋ ቀጥ ብላ ነው የቀረችው። ብየዳውንም እዪ፤ የኔው ቀለሙ ከናሱ ጋር አንድ ነው፣ ያንቺው ግራጫ ቆርቆሮ ነው። ድሮ የተሰበረ ምላስ በቆርቆሮ የጠገነ ስላለ በዚህ ብቻ አልፈርድም። ከሌላው ጋር ሲደመር ግን ይናገራል።

እኔ፦ የሠሪው ስምስ? አንዳንዶቹ ላይ ምላሷ ላይ ስም ታትሟል። ስም ያለው ይሻላል ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ ‘ጋውንት ለንደን’ የሚለውን ነው የምትዪው። ጋውንት ትልቅ የባጅ ሠሪ ነበር፤ ሥራ ቤቱ እዚሁ በርሚንግሃም። ግን ስም እኮ ከባጁ ሁሉ ለመቅዳት የሚቀለው ክፍል ነው። አንድ ትንሽ ማኅተም ብቻ ይበቃዋል። ሰው ስሙን ሲያይ ልቡ ስለሚረጋ አስመሳዩ መጀመሪያ የሚያትመው እሱን ነው። እኔ ስም ያለበት ሲመጣልኝ የበለጠ እጠራጠራለሁ እንጂ አላርፍም።

(ቡናው ሁለተኛ ወረደ። ጋሼ ከመሳቢያቸው በስተመጨረሻ ካለው ሣጥን አንድ ሌላ ባጅ አወጡ። ለብቻው በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።)

ጋሼ፦ ይሄን ያስቀመጥኩት ለራሴ ነው። የተመታ ነው፣ ጀርባው ግልባጭ ነው፣ ዘውዱ ትክክል ነው፣ መጠኑ ትክክል ነው። ሁለት ዓመት እውነተኛ ነው ብዬ ከሌሎቹ ጋር አኑሬው ነበር።

እኔ፦ እሱም የውሸት ነው?

ጋሼ፦ ዳግመኛ የተመታ ነው። ሥራ ቤት ሲዘጋ ማተሚያው ብረት አብሮ አይሞትም። ይሸጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ወይ ደግሞ አንዱ ከእውነተኛው ላይ አዲስ ማተሚያ ያስቀርጻል። ከዚያ በዛሬ ናስ፣ በዛሬ ፕሬስ ይመታበታል። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም የተማርሽው ደንብ ሁሉ ያልፈዋል። እኔ የነቃሁበት አንድ ቀን ከዚያች ከወታደሩ የልጅ ልጅ ከገዛኋት ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ነው። የናሱ ቀለም የበለጠ ቢጫ ነው፣ ጠፍጣፋው ስስ ነው። መቁረጫው ያለፈበት ጠርዝ ስለታም ነው፣ ጣት ይይዛል። ያኔ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም አርጅቷል ብዬ ያመንኩበት ጥቁረት ፊቱ ላይ እኩል ነበር የተቀባው።

እኔ፦ እኩል መሆኑ ምን ችግር አለው?

ጋሼ፦ ወታደር ባጁን በየቀኑ ይወለውላል። አለቃው ያይበታላ። ጨርቁ የሚደርሰው ከፍ ባለው ቦታ ነው፤ የዘውዱ ዕንቁዎች፣ የመትረየሶቹ ጀርባ። እነሱ ዓመት ባለፈ ቁጥር ይለሰልሳሉ፣ መልካቸው ይጠፋል። ጨርቅ የማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የመወልወያው ቅባት ይደርቅና ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከፍ ያለው ያበራል፣ ዝቅ ያለው ይጠቁራል። አስመሳይ አሞኒያ ላይ ያጥነዋል፣ ወይ በኮምጣጤና በጨው ያረጥበውና ቀብሮ ያወጣዋል። እሱ ደግሞ ሁሉንም እኩል ይበላዋል። ፊቱ አሮጌ፣ ዕንቁዎቹ ግን ትናንት የተሠሩ መስለው ሹል የሆኑበት ባጅ፣ መቶ ዓመት ማን ሳይነካው ኖረ? ምላሷም እንደዚያው፤ ሃምሳ ጊዜ ቆብ ውስጥ ገብታ የወጣች ምላስ ጠርዟ ይሟሸሻል።

እኔ፦ እንዲህ ከሆነ እኔ ካሁን በኋላ ምንም ነገር አላምንም። ሁሉም የውሸት ነው የሚመስለኝ።

ጋሼ፦ እሱም ሌላው በሽታ ነው። በጥርጣሬ ብቻ የሚገዛ ሰው እውነተኛውን ጥሎ ያልፋል። በ1916 ኒኬል ለመቆጠብ ሲሉ ድሮ በሁለት ብረት፣ በነጭና በቢጫ፣ ይሠሩ የነበሩ የብዙ ክፍለ ጦሮች ባጆች በናስ ብቻ ተመትተዋል። ጀማሪ ያያቸውና ‘ነጩ የት አለ፣ ውሸት ነው’ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረቱን ለጥይት ሲፈልጉት በፕላስቲክ ሠርተዋል፤ ቡናማ የልጅ መጫወቻ ይመስላል፣ ግን እውነተኛ ነው፣ ሰው አድርጎት ሞቷል። ሌላም አለ፤ ወታደሩ ለፍቅረኛው ሲሰጣት ምላሷን አንስቶ የልብስ መርፌ ያስበይድበታል። ጀርባው ተበላሽቷል ብለሽ ብትጥዪው የአንዲት ልጅ ደረት ላይ የኖረውን ነው የጣልሽው።

እኔ፦ የጨርቅ ባጅስ? እንደነዚህ አይመታ፣ አይፈስስ።

ጋሼ፦ ጨርቁን በአልትራቫዮሌት መብራት ነው የማየው። አብዛኛው የዛሬ ክርና ጨርቅ ጨለማ ውስጥ በዚያ መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የድሮ ጥጥና ሱፍ አያበራም። ግን አንዲት እናት የልጇን ልብስ በዘመናዊ ሳሙና አጥባው ከሆነ እውነተኛውም ያበራል። ከጠርዙ የወጣች አንዲት ክር ካገኘሽ አቃጥያት፤ ሱፍ ከሆነች የተቃጠለ ጠጉር ትሸታለች፣ አመድ ትሆናለች። ፖሊስተር ከሆነች ቀልጣ ጠንካራ ዶቃ ትሆናለች። እሱ እስኪደርስሽ ነው እንግዲህ፤ በጨረታ ፎቶ ክር አይቃጠልም።

እኔ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። ይሄን ብሰጣቸው አያውቁም። በእጃቸው ይዳስሱታል፣ አባታቸውን ያስታውሳሉ፣ ደስ ይላቸዋል። ማን ይጎዳል?

(ዝም አሉ። ተነሥተው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ ከኮርያ ይዘውት የመጡትን ሜዳይ ይዘው ነበር። በልጅነቴ አንዴ ብቻ አይቼዋለሁ።)

ጋሼ፦ አባቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ነው የዘመቱት፤ በአውሮፓው 1951 መሆኑ ነው። በኮርያ ከዘመቱት ሻለቆቻችን በጠቅላላው 121 አልተመለሱም፣ 536 ቆስለዋል። ይሄ የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳይ ነው። ጥብጣቡን ቁጠሪው።

እኔ፦ አንድ፣ ሁለት… ሰማያዊና ነጭ፣ ሰማያዊና ነጭ። አሥራ ሰባት መስመር።

ጋሼ፦ አሁን ገልብጪው።

እኔ፦ አማርኛ ነው!

ጋሼ፦ ጀርባው በየዘማቾቹ አገር ቋንቋ ነው የታተመው። አንዱ አማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ የታተመው በሺህ በሺህ ነው ያለው፤ የአማርኛው ግን ጥቂት ስለሆነ ሰብሳቢ ሰው ሲያገኘው ዋጋውን ያንረዋል። ዋጋ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም። አሁን ፊደላችንን የማያውቅ ቀራጭ ከደበዘዘ ፎቶ ላይ ሲቀዳው አስቢ። ‘ለ’ን ከ‘ሰ’ ይለያል? ‘ጸ’ን ከ‘ጰ’ ይለያል? የ‘ኛ’ን ቅጥያ የት እንደሚያኖራት ያውቃል? እዚህ ላይ አንቺ ከየትኛውም የእንግሊዝ ባለሙያ ትበልጫለሽ። እሱ በሚሊ ሜትር የሚለካውን አንቺ በማንበብ ታውቂዋለሽ።

እኔ፦ እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ጋሼ፦ ማን ይጎዳል አልሽኝ። ነገ እኔ ስሞት አንድ ሰው መጥቶ ይሄን ቢወስድና በምትኩ ፊደሉ የተጣመመ ቆርቆሮ ቢያኖርልሽ፣ ልጆችሽ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት፣ ልጅ ልጆችሽ ‘የቅድመ አያታችን ነው’ ቢሉ፣ ማን ተጎዳ ትያለሽ? አባቴ አይሰሙም። አንቺም አታውቂም። እኔ ግን አሁን ሳስበው ያመኛል። እኒያ ሽማግሌም ቢሆኑ አንድ ቀን ያልፋሉ። ባጁ በቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፣ ‘አባቱ በጦር ሜዳ ያደረጉት’ ተብሎ ይጻፍበታል። ከዚያ ሙዚየም ይሄዳል። ሙዚየሙ ያሳየዋል። ሌላው አስመሳይ ደግሞ ‘ሙዚየም ካለው ጋር አንድ ነው’ ብሎ ይሸጥበታል። ውሸቱ በአንቺ እጅ ወረቀት አገኘ ማለት ነው።

እኔ፦ ታዲያ ባዶ እጄን ልግባ?

ጋሼ፦ ባዶ እጅ አይደለም። ስልክሽን ስጪኝ። ይኸውልሽ፣ ይሄ ሻጭ አራት ፓውንድ ነው የሚለው፤ ከላይ በትልቁ ምን ጽፏል?

እኔ፦ ‘ቅጂ’ ይላል። ጀርባውንም አሳይቷል።

ጋሼ፦ ይሄ ሰው ጨዋ ነው። ለቲያትር፣ ለሰልፍ፣ በዓመቱ መታሰቢያ ቀን ለሚለብስ ሰው ቅጂ ያስፈልጋል፤ ሠርቶ ‘ቅጂ ነው’ ብሎ መሸጥ ሙያ ነው። ከፈለግሽ ይሄን ገዝተሽ፣ ‘አባትዎ ያደረጉት ይሄን ይመስል ነበር፣ ይሄ ግን አዲስ ነው’ ብለሽ ስጪያቸው። ዘጠና ዓመት የኖረ ሰው እውነት ቢነግሩት አይሰበርም። እውነተኛውን ደግሞ ቀስ ብለን እንፈልጋለን። በባጅ ሻጮች ትርኢት ላይ በእጄ ገልብጬ ሳየው ነው የምገዛልሽ።

እኔ፦ የከፈልኩትስ 48 ፓውንድ?

ጋሼ፦ ዕቃው በተገለጸው መሠረት ካልሆነ ገንዘብ የሚመልሱበት ደንብ አላቸው፤ ግን ቀን አለው፣ እንዳያልፍብሽ። መግለጫው ‘እውነተኛ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት’ ይላል?

እኔ፦ ይላል። ገጹን አስቀምጬዋለሁ።

ጋሼ፦ መልካም። አሁን ስድብ አትጻፊ፣ አትማረሪ። ሌባ ነህም አትበዪው፤ እሱም ተታልሎ ሊሆን ይችላል። የጀርባውን ፎቶ፣ የቀዳዳዎቹን ፎቶ፣ ከኔዋ ጋር በመለኪያው ሥር ጎን ለጎን። ከዚያ እነዚያን ሁለት የሌሎች ሻጮች ባጆች ስልክሽ ላይ ክፈቺና ያንቺን አጠገቡ አስቀምጠሽ አንሺው። ሦስተኛዋ ዕንቁ በሁሉም ላይ ትታይ።

እኔ፦ ስልኬን ከከፈትኩት በምን ላንሳው?

ጋሼ፦ በኔው። እዚያ መደርደሪያው ላይ አለ። መብራቱን ዝቅ አድርጊልኝ፣ ከጎን ይምጣ። ከላይ ሲሆን ጭረቷ ትጠፋለች። …ትንሽ ወደ ግራ። አሁን ታየች። አንሺው።